ሁሉም ያየው፣ ጥቂቱ የገባበት ቤት፦ የሻንጋዩ የቻይና ፓቪሊዮን (የጉዳይ ጥናት)

ይህን ጉዳይ ለምን መረጥኩት

ድግስ የሚደግስ ሰው ዋና ጭንቀቱ እንግዳ እንዳይቀርበት ነው። የዚህ ጉዳይ ባለቤቶች የገጠማቸው ግን ሌላ ጣጣ ነው። ግቢያቸው ከሚገባው ስምንት ሰው ቤታቸው የሚችለው አንዱን ብቻ ነበር። ይህ ደግሞ የአንድ ቀን ነገር አልነበረም፤ ስድስት ወር ሙሉ እንዲሁ ነበር።

ጉዳዩ በ2010 በሻንጋይ ዓለም አቀፍ ኤክስፖ፣ ማለትም አገሮች ራሳቸውን በሚያሳዩበት ትልቅ ዐውደ ርዕይ ላይ የቆመው የቻይና ፓቪሊዮን (የአገሪቱ ማሳያ ቤት) ነው። ስለ ቀዩ ሕንፃ ውበት ብዙ ተብሏል፤ ፎቶውን ያላየ ያለ አይመስለኝም። እኔን የሚስበኝ ግን የበሩ ነገር ነው። ማን ገባ? እንዴት ገባ? ደጅ የቀረውስ ምን ይዞ ተመለሰ? ኤግዚቢሽን፣ ባዛር ወይም ፌስቲቫል የሚያዘጋጅ ሰው ከዚህ ቤት የሚማረው አለ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሥራው የብዙ ቡድን ስለሆነ ማንንም በስም አልጠራም። ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዳራው

ኤክስፖው ከሜይ 1 እስከ ኦክቶበር 31 ቀን 2010 ድረስ 184 ቀን ቆየ። መሪ ቃሉ «የተሻለ ከተማ፣ የተሻለ ሕይወት» ነበር። ቦታው በሁዋንግፑ ወንዝ ግራና ቀኝ የተዘረጋ 5.28 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ነው። ከዚያ በፊት የመርከብ ማምረቻ፣ የብረት ፋብሪካና የመኖሪያ ሰፈር ነበር። ለኤክስፖው ሲባል ወደ 18,000 የሚጠጉ ቤተሰቦች ተነሥተዋል። ይህም የወጪው አካል ነው፤ በገንዘብ ብቻ አይቆጠርም።

ተሳታፊዎቹ አገሮችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሲደመሩ 246 ነበሩ። እኛም ነበርንበት። ኢትዮጵያ ከ40 በላይ የአፍሪካ አገሮች በአንድ ጣሪያ ሥር በተሰለፉበት በአፍሪካ የጋራ ፓቪሊዮን ውስጥ የራሷ ክፍል ነበራት።

በኤክስፖ ዓለም አብዛኛው ፓቪሊዮን የሠርግ ዳስ ማለት ነው። አምሮ ይቆማል፤ ድግሱ ሲያልቅ ይፈርሳል። የቻይና ፓቪሊዮን ግን ከጅምሩ እንዲቀሩ ከተወሰነላቸው ጥቂት ሕንፃዎች አንዱ ነበር። ስለዚህ አዘጋጆቹ የሠሩት ዳስ ሳይሆን ቤት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የንድፍ ውድድሩ የወጣው በ2007 ነው። በአገር ውስጥም በውጭም ላሉ ቻይናውያን ተከፍቶ 344 ሥራዎች ቀረቡ። ውድድሩን አንድ ሥራ ብቻውን አሸንፎ አልተገነባም። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የተነደፈ ከፍ ብሎ የሚታይ ሕንፃ ነበር። ሌላ ቡድን ደግሞ ከጥንታዊ የማኅተም ጽሕፈት የተነሣ ንድፍ አቅርቦ ነበር። ሁለቱ እንዲጋቡ ተደረገ። ከላይ የአገሪቱ ፓቪሊዮን፣ ከሥሩ ደግሞ 31 ክፍላተ ሀገርና ከተሞች የየራሳቸውን የሚያሳዩበት ሰፊ ዝቅተኛ ቤት ሆነ። ግንባታው በ2007 ዲሴምበር መጨረሻ ተጀምሮ በ2010 ፌብሩዋሪ ተጠናቀቀ። ሁለት ዓመት ከትንሽ ማለት ነው። ወጪው ወደ 1.5 ቢሊዮን ዩዋን ነው፤ በጊዜው ምንዛሪ 220 ሚሊዮን ዶላር ገደማ።

ሕንፃውን ቀረብ ብሎ

የቻይና የድሮ ቤተ መቅደስና ቤተ መንግሥት ምሰሶው ከጣሪያው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ እርስ በርስ የተቆላለፈ እንጨት አለው። አንዱ ሌላውን ተሸክሞ እየሰፋ ወደ ላይ ይወጣል። ምስማር አይነካውም። ዱጎንግ ይሉታል። ንድፍ አውጪዎቹ ይህን መጋጠሚያ ወስደው አገር የሚያህል አደረጉት። ከሩቅ የምናየው ቀይ ዘውድ በእርግጥ አንድ የምሰሶ አናት ነው፤ ከተማ መሀል ብቻውን የቆመ።

ሕንፃውን የሚሸከሙት አራት ግዙፍ የኮንክሪት ማማዎች ናቸው። አሳንሰሩና ደረጃው በነሱ ሆድ ውስጥ ያልፋል። የሕንፃው ወለል የሚጀምረው ከመሬት 33 ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ቁመቱ 63 ሜትር ሲሆን፣ የላይኛው ጠርዝ ከጥግ እስከ ጥግ ከ130 ሜትር በላይ ይዘረጋል። ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ነው። በመሆኑም በበጋ የላይኛው እርከን ለታችኛው ጥላ ይሆነዋል። የሻንጋይን የበጋ ወበቅ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቀዩም አንድ ቀይ አይደለም። ያን የሚያህል ግድግዳ በአንድ ቀለም ቢቀባ ከላይ በፀሐይ ይነጣል፣ ከታች በጥላ ይጠቁራል። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች ደረጃ በደረጃ የተለያዩ ቀዮች ተመርጠው፣ ዓይን አንድ ቀይ አድርጎ እንዲያያቸው ተደረገ። እኔ ሕንፃው ላይ ከሁሉም የምወደው ይህን ብልሃት ነው።

ሐሜትም አልቀረም። በ1992 በሴቪያ ኤክስፖ የቆመውን የጃፓን ፓቪሊዮን ይመስላል የሚል ክርክር በቻይና ውስጥ ሳይቀር ተነሥቶ ነበር። ነገሩ ከዱጎንግ ነው የመጣው ተብሎ ታለፈ። ለዚህ ጉዳይ ብዙም ስለማይጠቅም እኔም አልፈዋለሁ።

ችግሩ

ኤክስፖው በጠቅላላው 73 ሚሊዮን ጎብኚ አስተናገደ። ለ184 ቀን ሲካፈል በቀን ወደ 400,000 ይመጣል። ለቻይና ፓቪሊዮን የሚሰጠው የቀጠሮ ወረቀት ደግሞ በቀን 50,000 ነበር። ስምንት ለአንድ ያልኩት ከዚህ ተነሥቼ ነው።

50,000 ትንሽ ቁጥር አይደለም። ቤቱ በቀን 13 ሰዓት ክፍት ቢሆን በየደቂቃው ከ60 ሰው በላይ ማስገባት አለበት። አንዱ የጫማውን ክር ሲያስር ሌላው ከኋላው ይደራረባል።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ የፍላጎቱ ዓይነት ነው። አብዛኛው ጎብኚ ቻይናዊ ነበር። ከሩቅ ክፍለ ሀገር ቤተሰቡን ይዞ፣ አያቱን ደግፎ የመጣ ሰው ነው። የሌላ አገር ፓቪሊዮን ቢያመልጠው ግድ የለውም። የገዛ አገሩን ቤት ሳያይ ቢመለስ ግን መንደሩ ምን ይለዋል? የመደበኛ ቀን መግቢያ 160 ዩዋን ነበር። ያን ከፍሎ የአገሩን ፓቪሊዮን በውጭ ብቻ አይቶ መሄድ ያንገበግባል።

ሕንፃው ራሱ ነገሩን አባባሰው። ከየትም ይታያል። በግቢው ሁሉ ከፍ ብሎ ና፣ ና ይላል። በሩ ደግሞ ጠባብ ነው። የአሠራሩ ቅራኔ እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም እንዲያየው ተሠርቶ ሁሉም ሊገባበት አይችልም።

የኤክስፖው በር ለሙከራ የተከፈተው አፕሪል 20 ነው። የዚያ ቀን 200,000 ሰው ገባ፤ ግፊያው፣ ሰልፉና ግራ መጋባቱ አዘጋጆቹን አስደነገጠ። ለዋናው መክፈቻ የቀራቸው ከአሥር ቀን ብዙም አይበልጥም ነበር።

ምን አደረጉ

የመጀመሪያው እርምጃ ያለ ቀጠሮ ማንም እንዳይገባ መወሰን ነበር። ሌሎቹ ፓቪሊዮኖች ደጃፍ ላይ የሚታየው የቆመ ሰው ገመድ እዚህ እንዲኖር አልፈለጉም። የሳዑዲ አረቢያው ፓቪሊዮን ሰልፍ ስምንት፣ ዘጠኝ ሰዓት የደረሰበት ቀን ነበር። ያን የሚያህል ሰልፍ በቻይና ፓቪሊዮን ደጃፍ ቢፈጠር የግቢው መሀል በሙሉ ይዘጋል።

ሁለተኛው እርምጃ የቀጠሮ ወረቀቱን የሚሰጡበት ቦታ ነው። ሰዉ ግቢ ከገባ በኋላ ቢታደል ሩጫ ይሆናል። በር ሲከፈት በሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሮጥ የሚወድቅ አለ፤ የሚረገጥም አለ። ስለዚህ ወረቀቱ በኤክስፖው መግቢያዎች ላይ፣ ተሰልፎ ለሚጠብቀው ሰው በተራ ይታደል ጀመር። ቀድሞ የመጣ ይወስዳል።

ሦስተኛው በቤቱ ውስጥ ያለው መንገድ ነው። ይህ ቀድሞ በንድፉ ላይ የታሰበ ነበር። ጎብኚው መጀመሪያ በአሳንሰር እስከ 49 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ዋናው ትዕይንት እዚያ ነው። ከዚያ ወደ 41 ሜትር ይወርድና በትንሽ ባቡር ተቀምጦ ስለ ድልድይ፣ ስለ ምሰሶና ስለ አትክልት ስፍራ የተዘጋጀውን እያየ ያልፋል። በመጨረሻ 33 ሜትር ላይ ስለ ወደፊቱ ከተማ የተዘጋጀውን አይቶ ይወጣል። የሚወጣና የሚወርድ አይጋጭም። ውኃ ከላይ ተለቆ ወደ ታች እንደሚፈስ ነው።

አራተኛው በኋላ የመጣ ነው። ኤክስፖው ሲዘጋ ይህ ቤት ለዘለቄታው አልተዘጋም። ከዲሴምበር 1 ቀን 2010 ጀምሮ ለተጨማሪ ስድስት ወር ተከፈተ። መግቢያው 20 ዩዋን ሆነ። ከ160 ወደ 20 ማለት ነው።

የሠራው

የላይ ወደ ታች መንገዱ ሠርቷል። ትዕይንቱ ብዙ ቦታ ላይ ሰውን ሳያስቆም እያስኬደ የሚያሳይ ነበር። ለዚህ ዋናው ምሳሌ በ49 ሜትር ላይ የነበረው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው።

ሥዕሉ የመነጨው ቤይጂንግ በቤተ መንግሥቱ ሙዚየም ከሚገኝ የሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (960–1279) የሥዕል ጥቅልል ነው። ሙታን በሚታሰቡበት በቺንግሚንግ በዓል በወንዝ ዳር ያለ የከተማ ሕይወትን ያሳያል። ዋናው ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ርዝመቱ ከአምስት ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ነው። በፓቪሊዮኑ ግን 128 ሜትር ርዝመትና 6.5 ሜትር ቁመት ባለው ግድግዳ ላይ በ12 ፕሮጀክተር ተዘረጋ። ጀልባዎቹ ይቀዝፋሉ። ነጋዴው ይከራከራል። ሁለት ደቂቃ ቀን ይሆናል፤ ከዚያ ይመሽና ፋኖሶች በየቤቱ ይበራሉ። ሁለት ደቂቃ ሌሊት። እንደገና ይነጋል። በቀኑ 691፣ በሌሊቱ 377 ሰዎች ይታያሉ።

ውበቱን ትተን አሠራሩን እንየው። አንድ ዙር አራት ደቂቃ ነው። መጀመሪያም መጨረሻም የለውም፤ ከየትም ቢጀምሩት ያው ነው። ሰው ከአንድ ጫፍ ገብቶ በሌላው ጫፍ ሲወጣ ቀኑንም ሌሊቱንም አይቷል። ወንበር የለ፣ የሚዘጋ በር የለ፣ «ቀጣዩ ዙር ስንት ሰዓት ነው» ብሎ የሚጠይቅ የለ። በቀን 50,000 ሰው ለሚያልፍበት ቤት ከዚህ የተሻለ ትዕይንት ማሰብ ይከብዳል። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ፊልም ቢሆን ኖሮ ጉድ ይፈላ ነበር።

ስድስት ወር ማራዘሙም ሠርቷል። በኤክስፖው ጊዜ ተሰልፎ ያጣው ሰው ሁለተኛ ዕድል አገኘ። ሥዕሉ ራሱም ተጉዟል፤ በኖቬምበር 2010 ሆንግ ኮንግ ላይ ታየ፣ በቀጣዩ ዓመት ታይፔ ደረሰ። ሰውን ወደ ቤቱ ማምጣት ሲያቅታቸው ቤቱን ወደ ሰው ላኩት ማለት ይቻላል።

ከሕንፃው ሥር ያለውን ክፍት ቦታ ብዙ ሰው አያነሣውም። ለእኔ ግን ትልቅ ነገር ነው። ወለሉ 33 ሜትር ከፍ ማለቱ ከሥሩ ነፋስ የሚያልፍበት ትልቅ ጥላ ፈጠረ። ያልገባ ሰው ቢያንስ ከሥሩ ቆሞ ቀና ብሎ ያየዋል። ፎቶ ይነሣል። ከደጅ የቀረም ሰው የሚያገኘው ነገር ነበር።

ያልሠራው

ቀጠሮ ሰልፍን አያጠፋም። ቦታውን ይለውጠዋል እንጂ። ከፓቪሊዮኑ ደጃፍ የጠፋው ሰልፍ በኤክስፖው መግቢያዎች ላይ በቀለ። በሩ የሚከፈተው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሰዉ ግን ገና ሳይነጋ ታጣፊ በርጩማውን፣ ዳቦውንና የውኃ ኮዳውን ይዞ ይሰለፋል። ያቺ ታጣፊ በርጩማ የኤክስፖው እውነተኛ ምልክት ነች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ወረቀቱ መታደል ከጀመረ በደቂቃዎች ያልቃል።

ሁለተኛው ጣጣ አየር በአየር ነጋዴው ነው። ወረቀቱ በነጻ የሚሰጥ ነው። ነጻ ሆኖ እጥረት ያለበት ነገር ደግሞ ገበያ ሳይኖረው አያድርም። ማለዳ ተሰልፎ ወስዶ ለረፈደበት መንገደኛ የሚቸበችብ ሰው ወዲያው ብቅ አለ።

ሦስተኛው ቅንነትን የሚፈታተን ነገር ነው። ይህ በቻይና ፓቪሊዮን ብቻ ሳይሆን በኤክስፖው ግቢ ሁሉ የታየ ነው። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ሰልፍ የሌለበት ልዩ መግቢያ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዊልቸር ተከራይተው፣ ሙሉ ጤነኛ ሆነው ተቀምጠው የሚገፉ ሰዎች በዙ። አዘጋጆቹ ማጣራቱን ሲያጠብቁት ደግሞ እውነተኛው አረጋዊ ለመግባት የሚጠየቀው ነገር በዛ። አጭበርባሪው በሠራው ጥፋት ሽማግሌው ከፈለ።

አራተኛው፣ ቀድሞ የመጣ ይወስዳል የሚለው ሕግ ፍትሐዊ ይመስላል እንጂ ለሁሉም እኩል አይደለም። ለሻንጋይ ነዋሪ ቀላል ነው፤ ዛሬ ቢያጣ ነገ ይሞክራል። ሌሊቱን በባቡር ሲጓዝ አድሮ በአራት ሰዓት የደረሰው ገበሬ ግን አንድ ቀን ብቻ ነው ያለው። እሱ ሲደርስ ወረቀቱ አልቋል። ከኮታው የተወሰነው ለሩቅ መንገደኛ ቢቀመጥ ኖሮ እላለሁ። ቀላል አይደለም፤ ማጣራቱ ሌላ ሰልፍ ይፈጥራል። ቢሆንም መሞከር ነበረበት።

ኦክቶበር 16 ላይ ደግሞ ስሌቱ ሁሉ ተናጋ። በዚያ አንድ ቀን 1.03 ሚሊዮን ሰው ኤክስፖውን ጎበኘ። በ50,000 ወረቀት ሲሰላ ከሃያ ሰው አንዱ ብቻ ማለት ነው።

ለሌላ ቦታ የሚወሰድ

አዳራሽ ሲታሰብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሰው ይይዛል?» ብሎ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «በደቂቃ ስንት ሰው ያሳልፋል?» ነው። ሺህ ሰው የሚይዝ ክፍል በአንድ ጠባብ በር የሚገባበት ከሆነ ሺህ ሰው አይይዝም። ትዕይንቱም ከዚህ ቁጥር ጋር መስማማት አለበት። ሰውን የሚያስቆም ነገር ካለ መጨረሻው ላይ ይሁን፤ መሀል ላይ ከሆነ ጎርፉን ይገድበዋል።

ሰልፍ የማይቀር ከሆነ የት ቢሆን እንደሚሻል አዘጋጁ አስቀድሞ ይምረጥ። የሻንጋዮቹ መግቢያው ላይ እንዲሆን መርጠዋል። ሩጫውን ስላስቀረ ትክክል ነበሩ። ያልጨረሱት ነገር ቢኖር ለዚያ ሰልፍ የሚሆን መቀመጫ፣ ጥላና ቀድሞ የሚነገር መረጃ ነው። «የዛሬው አልቋል» የሚለው ቃል ሰልፉ ጭራ ላይ ላለው ሰው አምስት ደቂቃ ቀድሞ ቢደርሰው እግሩን ያሳርፋል። ይህ ገንዘብም አይጠይቅም፤ ድምፅ ማጉያ ብቻ።

ነጻ ወረቀት ከታደለ ስም ይጻፍበት። መታወቂያ የሚያይ ሰው በር ላይ ማቆም ያስቸግራል፣ ያዘገያልም። ግን ያለ ስም የታደለ ነጻ ወረቀት ጠዋት ስጦታ፣ ረፋድ ላይ ሸቀጥ ነው።

ስለ ሁለቱ ንድፎች መጋባትም ልጨምር። ኮሚቴ ሁለት ሥራ አጋብቶ ብዙ ጊዜ የሚወልደው ጎደሎ ነው። እዚህ የሠራው አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች የየራሱ ቦታ ስላገኘ ነው። እንደ ዶሮ ወጥና እንደ ዓሣ ጉላሽ በአንድ ድስት አልተቀላቀሉም።

ከድግሱ በኋላ

መጀመሪያ ላይ ያዙልኝ ያልኩት ይህን ነው። ሕንፃው ዳስ ባለመሆኑ ሌላ ሕይወት አገኘ። ኦክቶበር 1 ቀን 2012 የቻይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ከዚያ በፊት የከተማዋ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የነበረው በድሮ የፈረስ እሽቅድምድም ክበብ ቤት ነበር። አዲሱ የማሳያ ቦታ 64,000 ካሬ ሜትር ያህላል።

ሽግግሩ እንከን የለበትም ማለት አይደለም። ቤቱ የተሠራው ሰው በፍጥነት እንዲያልፍበት ነው። ሥዕል የሚያይ ሰው ግን መቆም ይፈልጋል። ወለሉ ሰፊ፣ እርከኖቹ የተራራቁ ናቸው፤ አንድ ትንሽ የውኃ ቀለም ሥዕል በዚያ ስፋት ውስጥ ትጠፋለች። ሙዚየም ለመሆን የተሠራ ቢሆን እንዲህ አይሠራም ነበር። ይህንንም አስቀድሞ ማሰብ ይቻል ነበር።

ያ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ግን ወደ ቤቱ ተመልሷል። አሁን በርጩማ ይዞ ጎሕ ሳይቀድ የሚሰለፍለት የለም። ሁለት ደቂቃ ይነጋል፣ ሁለት ደቂቃ ይመሻል። የግመሎቹ ጓዝ በከተማው በር በኩል ያልፋል፤ በሩ ላይ ወረቀት የሚጠይቃቸው የለም።